እንግዳ ሆነህ ስትሄድ፦ ከነጃሺ አገር እስከ ገበዝ ማርያም

ሱረቱል ካህፍን ቀርተህ፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አውርደህ ከሆነ ትንሽ ጊዜህን ስጠኝ። ዛሬ የማወራህ ስለ ክረምት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ብዙዎቻችሁ ከቤት ትወጣላችሁ። አንዱ በበጎ ፈቃድ ተመዝግቦ ሕፃናትን ሊያስጠና፣ ችግኝ ሊተክል ወደማያውቀው ወረዳ ይላካል። ሌላው ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥቶ የአያቱን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ከእናንተ መካከል አንድ ወንድም በዚህ ሳምንት ጻፈልኝ። በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ለአንድ ወር ሊያገለግል ነው። የሚያርፈው ክርስቲያን ገበሬ ቤት ነው። «ገበዝ ማርያም በሚባል አካባቢ ምን እበላለሁ? የት እሰግዳለሁ? ዲኔን ሳላላላ እንዴት ከሰው ጋር እኖራለሁ?» ይላል።

ጥያቄህን ወደድኩት። ከመልሱ በፊት ግን የሚቀድምህን ሰው ላስተዋውቅህ። ሙስሊም ሆኖ በክርስቲያን አገር እንግዳ የመሆንን ነገር የጀመርከው አንተ አይደለህም። የጀመሩት ሶሓቦች ናቸው፤ የጀመሩትም እዚሁ እኛ አገር ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 አካባቢ፣ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከመካ ወጥተው ባሕር ተሻገሩ። ጥቂት ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ። ቀጥሎ ከ80 በላይ ወንዶች ከነሴቶቻቸው ተከተሉ፤ መሪያቸው የነብዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ነበር። ይህን ታሪክ በሕፃንነትህ መድረሳ ሰምተኸዋል። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጡ፤ ነጃሺ ስደተኞቹን ጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር ተናገረ፤ ንጉሡ አለቀሰ። እኛ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጃዕፈር እዚያው ከ12 ዓመት በላይ ኖረ። ልጆቹ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት በሐበሻ ምድር ነው። ወደ መዲና የደረሰው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው። በ8ኛው ዓመት ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆነ። አስበው፤ ከእስልምና ሕይወቱ የሚበልጠውን ጊዜ ያሳለፈው በክርስቲያን ጎረቤቶች መሐል ነው።

እና በእነዚያ ዓመታት ምን አደረጉ? ዓይናቸውን ጨፍነው አልኖሩም።

ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በሐበሻ ያዩትን ቤተ ክርስቲያን ለነብዩ ነግረዋቸዋል። ሐዲሱ ቡኻሪ ዘንድ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻ ሕመማቸው ላይ ሳሉ ነበር የነገሯቸው፤ ካዩት ስንት ዓመት አልፎ ማለት ነው! ማማሩንና በውስጡ የነበሩትን ሥዕሎች አነሱ። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ማን እንደነበር ታውቃለህ? በሐዲሱ «ማሪያ» ተብሎ ተጠቅሷል። አንተ «ገበዝ ማርያም የሚባል ቦታ ልሄድ ነው» ብለህ ስትጨነቅ እኔ ያስታወስኩት ይህንን ነው።

ሐዲሱን እስከ መጨረሻው ልንገርህ እንጂ ግማሹን ቆርጬ አላስደስትህም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በደጋግ ሰዎች መቃብር ላይ የአምልኮ ቦታ መገንባትንና እነዚያን ሥዕሎች ማኖርን በጠንካራ ቃል አውግዘዋል። ባለቤቶቻቸውን ግን «ለምን አያችሁ? ለምንስ አማረ አላችሁ?» አላሉም። እናቶቻችን ያዩትን በእውነት ተናገሩ፤ የዐቂዳው ድንበርም በእውነት ተነገረ። ሁለቱም በአንድ ሐዲስ ውስጥ አሉ።

ጃዕፈርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ነጃሺ ፊት ቆሞ ከቁርአን እንዲያነብ ሲጠየቅ 114 ሱራዎች ካሉት ቁርአን ውስጥ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀራ። (በእርግጥ ያኔ ቁርአኑ ገና ሙሉ በሙሉ አልወረደም፤ ምርጫው ግን ምርጫ ነው።) የዘከሪያን ዱዓ፣ የየሕያን መወለድ፣ የመርየምን ነገር። አድማጮቹ የሚያውቋቸውን፣ የሚወዷቸውን ሰዎች ስም አሰማቸው። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም ፊታቸው የዘረጓቸው መጻሕፍት እስኪረጥቡ አለቀሱ ይላል ዘገባው።

በማግስቱ ግን የቁረይሹ መልእክተኛ ተመልሶ «ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ፤ ጠይቃቸው» አለ። ሶሓቦቹ ያን ሌሊት ተሰብስበው ተመካከሩ። እንቅልፍ ያጡበት ምክንያት ይገባሃል፤ እውነቱን ከተናገሩ ሊባረሩ ነው፤ ከተባረሩ ወደ መካ ሥቃይ ነው። የወሰኑት አንድ ነገር ነው፤ የመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውንና ነብያችን ያስተማሩንን እንናገራለን። ጃዕፈርም ቆሞ ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የጣላት ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ነው አለ። የሚያቀራርበውን ትናንት ተናግሮ የሚለያየውን ዛሬ አልዋጠም። ነጃሺም ከመሬት ስንጥር አንስቶ በዚህና በእውነቱ መካከል ይህችን ታህል ልዩነት የለም አለ። ዙሪያውን የነበሩት አጉረመረሙ፤ ስደተኞቹ ግን በሰላም እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው።

አንተ ነጃሺ ፊት አትቆምም። የምትቆመው ምጣድ የጣደች እናት ፊት ነው። ፈተናው ግን ይመሳሰላል፤ ማስመሰልም አለ፣ ማኩረፍም አለ።

እኔ የወደቅኩት በማኩረፉ ነው። ከዓመታት በፊት ቡሬ አጠገብ አንድ የገጠር ቤት ለሦስት ሳምንት አርፌ ነበር። ከአዲስ አበባ ስነሳ ቦርሳዬን በብስኩትና በቆርቆሮ ቱና ሞላሁት። ለሁለት ቀን «ጠግቤያለሁ እማማ» እያልኩ በር ዘግቼ ብስኩቴን በላሁ። ሀራም የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከተማ ጁሙዐ ልሰግድ ስሄድ አንድ ሱቅ ያለው ሙስሊም አባት ያዘኝና «ልጄ፣ የምታርፍባት ሴትዮ ቤቴን ተጠየፈው ብላ ስታለቅስ ነበር፤ ምን አድርጋህ ነው?» አለኝ። አፈርኩ። ማታ ስመለስ «እማማ፣ ይቅር በሉኝ፤ የፈራሁት ሥጋውን ነው እንጂ እጅዎን አይደለም» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁብኝ። «ኧረ በማርያም! ፍልሰታ አይደለም እንዴ? በዚህ ቤት ሥጋም ቅቤም ወተትም የለ! ሽሮ ሃይማኖት አለው ወይ?»

እውነታቸውን ነበር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ልጆች ሳይቀሩ ይጾሙታል። በዚያ ጊዜ የሚቀርብልህ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ነው። ሀላል የሚፈልግ እንግዳ ከዚያ የተሻለ ወር ከየት ያገኛል? አንድ አደራ ግን አለኝ። ቤተሰቡ እስኪቀድስ ድረስ እህል ሳይቀምስ ሲውል አንተ ፊታቸው አትብላ። በረመዳን ክርስቲያን የክፍል ጓደኞችህ ምሳቸውን ደብቀው ሲበሉልህ ምን ተሰምቶህ ነበር?

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የሥጋው ጥያቄ ይመጣል። የመጽሐፉ ሰዎች ምግብን በተመለከተ በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 5 ላይ የመጣውን ዑለሞች በሰፊው ተንትነውታል፤ ዝርዝሩን ከኡስታዝህ ጠይቅ። በአገራችን የቆየው ልማድ ግን ይታወቃል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን አይበላም። ስለዚህ እምቢ ስትል ማንም አይቀየምም፤ አያቶቻቸውም የሚያውቁት ነው። በብዙ የአማራ አካባቢ ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ወይም በሬ ያቀርባል፤ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ልዩነቱን የሚያፈርስ ሳይሆን ልዩነቱን አውቆ ለጎረቤቱ በሬ የሚገዛ ሰው!

ጠላና አረቄ ሲመጣ ደግሞ አታመንታ። «በሞቴ!» ይባላል፣ «አፈር ስሆን!» ይባላል፣ አንዴ ይጠመዘዛል። ፈገግ ብለህ «እማማ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፤ ቡናውን ግን ሁለተኛ እጠጣለሁ» በል። አንድ ጊዜ በግልጽ ከተናገርክ ሁለተኛ አይጠይቁህም፤ እንዲያውም ሌላ ሰው ሊቀዳልህ ሲነሳ የሚከለክሉልህ እነሱ ይሆናሉ። «ትንሽ ብቻ» ካልክ ግን ወሩን ሙሉ ትጨነቃለህ።

ስለ ቡናው ካነሳሁ ይህንን ሳልነግርህ አላልፍም። ዛሬ በጎጃም ገጠር ዕጣን ተጫጭሶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ የሚፈላው ቡና በአንድ ወቅት ለክርስቲያኑ ነውር ነበር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና የእስላም መጠጥ ተብሎ ይራቅ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን ከዐባይ ማዶ ካሉት አገሮች ቡናና ሌላ ሸቀጥ ጭነው ዐባይን ተሻግረው ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ከሚመጡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። እንግዲህ እማማ ሦስተኛውን ሲኒ ሲሰጡህ የምትጠጣው የአባቶችህ ንግድና የእሳቸው እናቶች ወግ የተገናኙበትን ነው። በዚያ አገር እንግዳ ነኝ ብለህ ብዙ አታስብ፤ ሙስሊሙ በጎጃም ትናንት የመጣ አይደለም።

ስለ ሶላት ብዙ አትጨነቅ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ቂብላህ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። «የምጸልይበት ጥግ ስጡኝ» ብለህ ጠይቅ፤ ተደብቀህ አትስገድ። እኔ ያረፍኩበት ቤት ጥጉ ተጠረገልኝ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አረም ላይ ቆይቼ ስመጣ «ሰዓትህ አለፈኮ!» ይሉኝ ጀመር። (አሱር ነበር። የራሴ ስልክ ያላስታወሰኝን ነው ያስታወሱኝ።) ሶላት ስለማሳጠርና ስለማጣመር ከመሄድህ በፊት ኡስታዝህን አማክር፤ የቆይታህ ርዝመት ፍርዱን ይለውጠዋል። ጁሙዐን ደግሞ ወደ ከተማ ወጥተህ ከጀመዓው ጋር ስገድ። በዚያ አካባቢ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ፊትህን ማየት ብቻ ያስደስታቸዋል። ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚኖርም ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እነሱን ጠይቅ፤ ዕድሜ ልካቸውን ኖረውበታል።

አንቺም እህቴ፣ በዚያ አገር አንዲት እናት ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። አንቺ እንዲህ አትዪም፤ ዱዓችን ወደ አላህ ብቻ ነው። ግን አትቅሪ። ገብተሽ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» በያት፤ ገንፎውን አብረሽ ብዪ። የመርየምን ምጥ፣ የዘንባባውን ግንድ፣ ከሥሯ የፈለቀውን ውሃ ቁርአን የነገረሽ አንቺ ነሽ። ብትጠይቅሽ ንገሪያት። ከእሷ መጽሐፍ ያላገኘችው ዝርዝር ሊሆን ይችላል፤ ዓይኗን ታያለሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ሳልነግርህ «ሂድ» ብልህ አታላይ እሆናለሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው በጎጃም፣ በምሥራቁ በኩል፣ በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ዕለቱ ጁሙዐ ነበር። ቁስሉ የሚረሳ አይደለም፤ እንድትረሳም አልጠይቅህም። ጻፈልኝ ያልኩህ ወንድምም በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያነሳው ይህንኑ ነው፤ እናቱ «እዚያ አትሂድ» ብላዋለች።

እናትህ የምትለውን አቅልለህ አትይ። የመንገዱን ሰላም አጣራ፤ ከአካባቢው ሙስሊሞች ጋር አስቀድመህ ተደዋወል፤ መንገዱ ከተዘጋ ወይም እናትህ ካልፈቀደች ኸይሩ በመቅረትህ ውስጥ ነው፤ በሰፈርህም የሚጠና ሕፃን አይጠፋም። ከሄድክ ግን ሽሮ ሠርታ የምትጠብቅህን እናት ባላደረገችው ነገር ከሳሽ ሆነህ አትግባባት። ሞጣን ያቃጠሉት እጆች ባለቤት አላቸው፤ አላህም ያውቃቸዋል። ወሬው ከተነሳ ግን አትሽሽ። እንዳመመህ ንገራቸው። ጃዕፈር የሕዝቡን ሕመም ለንጉሡ በግልጽ ነግሯል፤ እንግዳ ስለሆነ ዝም አላለም።

ሌላም አለ። ሶሓቦቹ በሐበሻ ሳሉ በነጃሺ ላይ የሚያምፅ ሰው ተነሳ። ኡሙ ሰለማ ያንን ጊዜ ስትተርክ እንደዚያ ያዘኑበት ጊዜ እንደማታውቅ ትናገራለች። ጦሩ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ በኢብኑ ኢስሓቅ ሲራ ወንዙ «ኒል» ተብሏል። ዐባይ ለሚከበው ለጎጃም ልጅ ይህ ስም ምን እንደሚል አስበው። ማን ሄዶ ወሬ ያመጣል ተባለ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም «እኔ» አለ። አቁማዳ ነፍተው ደረቱ ላይ አደረጉለት፤ በእሱ ተንሳፍፎ ተሻገረ። የቀሩት ደግሞ ነጃሺ ጠላቱን እንዲያሸንፍ፣ በአገሩም እንዲጸና አላህን ለመኑ። ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ ተመለሰ፤ «አብሽሩ! ነጃሺ አሸነፈ» አላቸው።

የአንተ እኩያ ነበር። ያስጠለለው አገር ሰላም እንዲሆን ዱዓ አድርጓል፣ ወንዝም ዋኝቷል። ፍኖተ ሰላም ስትገባ የከተማዋን ስም ልብ በል፤ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 16 አላህ ውዴታውን የሚከተሉትን ስለሚመራባቸው የሰላም መንገዶች ይነግረናል፤ ዐረብኛው «ሱቡለ ሰላም» ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ የምታነበው የመጀመሪያ ሰሌዳ የቁርአን ቃል የቅርብ ዘመድ ሆኖ ታገኘዋለህ። ለዚያች ከተማና ለገጠሯ ዱዓ አድርግ።

ስትመለስ ምን ይዘህ እንደምትመጣም አስብ። የቡሬ በርበሬ ለእናትህ፣ እሺ። ሶሓቦቹ ግን ከሐበሻ ሲመለሱ ያመጡት ሌላ ነገር አለ። የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) በሐበሻ ሬሳ የሚሸከሙበትን፣ ከላይ የተሸፈነ ቃሬዛ አይታ ነበር። የነብዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ስትታመም፣ ከሞትኩ በኋላ በጨርቁ ላይ የሰውነቴ ቅርጽ ይታያል ብላ ተጨነቀች። አስማእ እርጥብ የዘንባባ ቅርንጫፍ አስመጥታ ቆልምማ፣ በላዩ ጨርቅ ጣል አድርጋ «በሐበሻ ያየሁት እንዲህ ነው» ብላ አሳየቻት። ፋጢማ ወደደችው፤ የተቀበረችውም በዚያ ተሸፍና እንደሆነ በታሪክ መጻሕፍት ተዘግቧል። የነብዩ ልጅ የመጨረሻ መሸፈኛ ከአገራችን የመጣ ሐሳብ ነው። አስማእ ለሐያእ የሚጠቅም ነገር በክርስቲያኖች ዘንድ ስታይ «የእነሱ ነው» ብላ አልጣለችውም።

ቃልም ይዘው ተመልሰዋል። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ) ከየመን ሲነሳ ነፋስ መርከባቸውን ወደ ሐበሻ ወሰዳት፤ እዚያ ከጃዕፈር ጋር ቆየ። በኋላ በቁርአን ያለውን «ኪፍለይን» የሚለውን ቃል በሐበሾች ቋንቋ እያመሳከረ ያብራራ ነበር። አንተም የጎጃምን አማርኛ በጥሞና አዳምጥ። «እንዴት ከረማችሁ» ሲሉህ «አልሐምዱሊላህ» በል፤ እነሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ሲለያዩ ምን እንደሚሉ፣ ለሐዘንተኛ ምን እንደሚሉ፣ ደቦ ላይ ሲያርሙ እንዴት እንደሚጠራሩ በማስታወሻህ ጻፍ።

አንዲት ትንሽ ልጅም ነበረች። ኡሙ ኻሊድ ትባላለች፤ ከሐበሻ ከተመለሱት ቤተሰቦች ልጅ ናት። ለነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ በስጦታ መጣ። «ይህን ለማን እናልብስ?» ብለው ሰዎቹ ዝም ሲሉ «ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ» አሉ። ተሸክመው አመጧት። በእጃቸው አለበሷት፤ ለብሳ እንድታረጀውም ዱዓ አደረጉላት። ከዚያም ጥለቱን እያዩ፣ እያሳዩዋት፣ ባደገችበት አገር ቋንቋ «ያ ኡሙ ኻሊድ፣ ሰናህ! ሰናህ!» አሏት። ቆንጆ ነው ማለት ነው። እኛ ዛሬም «ሰናይ ቀን» የምንለው።